የአስካለን ማርትሬዛ ያየሁበት መነፅር

ነቀምቴ መናኸሪያ አጠገብ ወዳለችው የኢብሳ ሞባይል መጠገኛ ገብቼ ገና ሳልቀመጥ አባቴ ሸተቱኝ። ኢብሳ የአንድ ስልክ ሆድ ዕቃ ዘርግፎ በትንሽ ብሩሽ ያጥባል። ማጠቢያው ቤንዚን ቤንዚን ይላል፣ ብየዳው ይጨሳል፣ ከላይ ደግሞ አምፖሉ አቧራውን ያግለዋል። እነዚህ ሦስቱ ሲገናኙ በቃ አባቴ ናቸው። አባቴ ሰዓት ሠሪ ነበሩ፤ ሱቃቸውም ከዚህ ብዙ አይርቅም ነበር። አሁን ቦታው ላይ ፎቅ ቆሟል፤ ከስር ጫማ ይሸጣል፣ ከላይ ምን እንዳለ አላውቅም፣ ደረጃ መውጣት ከተውኩ ቆየሁ። ኢብሳ ቀና ብሎ “አባባ፣ ምን ፈልገው ነው?” አለኝ። አጉሊ መነፅር አልኩት፤ ግን ደህና አጉሊ መነፅር። ለምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ የድሮ ሳንቲም ለማየት ነው ብዬ አሳጠርኩት። ውሸት አይደለም። እውነቱ ግን ረጅም ነው፣ ሥራ ላይ ላለ ሰው አይነገርም፤ ስለዚህ ለእናንተ እነግራችኋለሁ።

አባቴ በወጣትነታቸው ከሸዋ መጥተው ነቀምቴ የቀሩ ሰው ነበሩ። ዓይናቸው ላይ የሚሰኳት ጥቁር አጉሊ መነፅር ነበረቻቸው፤ ምሳ ሊበሉ ሲመጡ እንኳ ዓይናቸው ዙሪያ ክቧን አትማባቸው ትመጣለች። ሰዓት ሠሪዎች አንድ ልማድ አላቸው። የጠገኑትን ሰዓት ክዳን ከፍተው ከውስጥ በኩል በመርፌ ጫፍ ምልክት ያደርጉበታል፤ ሰዓቱ ተበላሽቶ ሲመለስ የማን እጅ እንደነካው እንዲታወቅ ነው። የአባቴ ምልክት ሦስት ነጥብ ነበረች፣ እንደ ጉልቻ የተቀመጠች፣ በባዶ ዓይን የማትታይ። ከወለጋ ከተሞች በአንዱ፣ ጊምቢም ይሁን ሲሬ፣ የቆየ ሰዓት ክዳን ብትከፍቱ እስከ ዛሬ ታገኟት ይሆናል። እናቴ አባቴን ስታገባ አንገቷ ላይ ያደረገችው ሁለት ማርትሬዛ ነበር፤ ያ የጥንቱ ጠገራ ብር፣ ባንድ በኩል ወፍራሟ ንግሥት፣ በሌላው ንስሩ ያለበት። እኔና እህቴ አስካለ ከፍ ስንል እናቴ ማተቡን በጠሰችና አንዳንድ አካፈለችን። አባቴ ታዲያ አያስችላቸውም፣ ሁለቱንም ወስደው ከንስሩ ጅራት ስር ሦስቷን ነጥብ አደረጉባቸው። “ከእንግዲህ የኔ ሥራ ናችሁ” አሉን፤ ሳቁ። አባቴ ብዙ የሚስቁ ሰው ስላልነበሩ ያን ቀን አልረሳውም።

ያ ጊዜ እንዴት ያለ ጊዜ ነበር! ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ቦምቦሊኖውም እንደዚያው። የእኔ ቤልቦተም ሱሪ የነቀምቴን ቀይ ጭቃ እንደ መጥረጊያ እየጠረገ ይሄዳል፣ እናቴ አጣቢ አደረግከኝ ብላ ትነጫነጫለች። ፀጉራችንን በሹካ ማበጠሪያ ሽቅብ አቁመን፣ ማበጠሪያዋን ኋላ ኪሳችን ሰክተን፣ ማታ ማታ ከቤተ ክርስቲያኑ በር እስከ መናኸሪያው እንሄዳለን፣ እንመለሳለን፣ ደግሞ እንሄዳለን። ሥራችን ይኸው ነበር። ታች ካለው ሻይ ቤት ግራሞፎኑ ይዘፍናል፤ መርፌው ያረጀ ስለሆነ አንዱ ስንኝ ላይ ይያዝና ባለቤቱ መጥቶ ሳጥኑን ካልመታው አያልፍም። አስካለ ከኛ መሃል ረጅሟ ነበረች። ቢጫ ሹራብ ነበራት፣ እጅጌው ያጠራት፣ ማርትሬዛዋን ከሹራቡ በላይ አውጥታ የምትሄድ። ስትስቅ ከመንገዱ ማዶ ይሰማል። የዛሬ ልጆች ስልካቸው ላይ አቀርቅረው ሲያልፉ ሳይ የዚያ የአስካለ ሳቅ የሚያልፍባቸው ይመስለኛል። እርጅና ነው፤ ምን ይደረግ።

ከዚያ ነገር መጣ። ዘመኑ ራሱ ተናወጠ፣ ወጣቱ ሌሊት ይጠፋል፣ ቀን ይፈለጋል፤ ዝርዝሩን የሚያውቁ ሰዎች ጽፈውታል፣ እኔ አልገባበትም። አስካለ የሚፈለግ ልጅ ወደደች። አባቴ ሰሙ። አንድ ማለዳ ግቢው መሃል ቆመው፣ መነፅራቸውን እጃቸው ላይ እንደያዙ፣ “እኔ በሕይወት እያለሁ በዚህ በር እንዳትገቢ” አሏት። ፈርተው ነው፤ ለሷም ለኛም ፈርተው። ግን ፍርሃት ከአባቶች አፍ ሲወጣ ቁጣ ሆኖ ነው የሚወጣው። አስካለ አላለቀሰችም። በሩ ጋ ስሸኛት ጆሮዬን እንደ ልማዷ ቆንጠጥ አድርጋ “አንተ አለህ አይደል፤ ሲበርድላቸው አንተ ታስታርቀናለህ” አለችኝ። አለሁ አልኳት። ቢጫ ሹራቧ ከመንገዱ መታጠፊያ ዞረ፣ በቃ። ከዚያ በኋላ አላየኋትም።

ዓመትም ሳይሞላ ወሬ መጣ። ልጁም እሷም ጫካ ውስጥ ተገድለዋል ተባለ። ጎረቤት ተሰብስቦ መርዶ ሊያረዳ ማለዳ ደጃችን ሲደርስ እናቴ በሩ ላይ ቆመች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ እንድትለብስ፣ ፍራሽ እንድታነጥፍ ለመኗት፤ ወይ ፍንክች። “ማርትሬዛዋን አምጡልኝ። አንገቷ ላይ ነበር። እሱ ሳይመጣ ልጄ ሞተች አልልም” አለቻቸው። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ተመለሱ። እንደምታውቁት እኛ ዘንድ መርዶ ካልተቀመጡ ሰው አልሞተም፤ ግን የለም ደግሞ። አባቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ የሚንቀጠቀጥ እጅ ደግሞ ሰዓት አይሠራም። ጥቂት ዓመት ኖረው አረፉ። ቤታችንም በዚያው ሰሞን ተወሰደብንና ጨለለቂ ሰፈር የኪራይ ቤት ገባን። እናቴ ስትሞት እጄን ይዛ የተናገረችው ነገር አስካለን እንጂ እኔን የሚመለከት አልነበረም። ማርትሬዛውን ፈልግ አለችኝ። እሺ አልኳት።

ሰው ሁሉ የሳንቲም ሰብሳቢ ነው ይለኛል። ባለቤቴ ዘነበች እንኳ እንግዳ ሲመጣ “የሱ ነገር፣ ብረታ ብረት ለቃሚ ሆኖ ቀርቷል” ትላለች፣ እያወቀች። እኔ ሰብስቤ አላውቅም። ስፈልግ ነው የኖርኩት። ጠገራ ብር የሚያልቀው አንጥረኛ ቤት ነው፤ ገበሬው ሲቸግረው ይሸጠዋል፣ አንጥረኛው ያቀልጠዋል፣ መስቀል ወይ ቀለበት ይሆናል። ስለዚህ አንጥረኞቹን ወዳጅ አደረግኳቸው። ዋናው ኦቦ ገለታ ነው፤ ከልጅነታችን የምንተዋወቅ፣ በየገበያው ዞሮ ብር የሚገዛ፣ ለምን እንደምፈልግ ከመጀመሪያው የነገርኩት አንድ ሰው። የገዛውን ማርትሬዛ ሁሉ ሳያሳየኝ እሳት አያስገባም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቁ እሄዳለሁ፣ “አካም ቡልቴ”፣ እንዴት አደርክ፣ ይለኛል፣ ሳንቲሞቹን ጨርቅ ላይ ይዘረጋቸዋል፣ እኔም የአባቴን መነፅር ዓይኔ ላይ ሰክቼ የንስሮቹን ጅራት አንድ በአንድ አያለሁ። ከዚያ ዋቃ፣ ፈጣሪ ማለቱ ነው፣ ያውቃል ይለኛል፣ ሳንቲሞቹ ይቀልጣሉ። በዚህ ስንት ዘመን እንደሄደ አትጠይቁኝ። እሱም አረጀ፣ እኔም አረጀሁ።

ባለፈው ክረምት መውጫ ገለታ ሰው ላከብኝ። ስሄድ አንድ ማርትሬዛ ለብቻው አስቀምጦታል። ጆሮው፣ ማተብ የሚገባበት ማለቴ ነው፣ ከነቀለበቱ አለ፤ ተሰብሮ እንደገና የተበየደ ነው። ከሲሬ ገበያ ከአንዲት ቅቤ ሻጭ ነው የገዛሁት አለኝ። እጄ ላይ ሳደርገው ለስላሳ ነው፣ እንደ ሳሙና ቁራጭ። የአባቴን መነፅር ሰካሁ። ግን የአባቴ መነፅር አርጅታለች፣ መስታወቶቿ መሃል ሻጋታ ገብቶ ጭጋግ ሠርቶባታል፤ የኔም አንድ ዓይን ሞራ የተገፈፈ ነው። ከንስሩ ጅራት ስር አንዲት ጉድጓድ ታየችኝ። አንዲት ብቻ። ጥርስ የነከሰውም፣ ድንጋይ የመታውም ማርትሬዛ እንዲህ ያለች ጉድጓድ ይኖረዋል፤ ስንቱን አይቼ ልቤ ስንጥቅ ብሎ ከንቱ ቀርቷል። ገለታ የሙሽራ ጌጥ ታዞ ብሩ ጎድሎበታል፤ እስከ ቅዳሜ ልጠብቅህ፣ ከዚያ በላይ አልችልም አለኝ። አልተቀየምኩትም፣ የሱም እንጀራ ነው። ከገበያ መቶ ጊዜ ያጎላል የሚል፣ መብራት ያለው፣ የሚያብለጨልጭ አጉሊ መነፅር ገዝቼ ብሞክር ይባስ፤ ሁሉም ነገር ቀስተ ደመና ለብሶ ቁጭ። እንዲህ ነው እንግዲህ ኢብሳ ዘንድ የሄድኩት። ኢብሳ ለዕቃ ግዢ አዲስ አበባ መውረዱ ስለነበር ከመርካቶ ሁለት ሦስት ዓይነት አምጣልኝ፣ የማልፈልገውን መልሰህ ትሸጠዋለህ ብዬ ለመንኩት።

አርብ ከሰዓት መጣ፣ ሦስት መነፅር ጠረጴዛው ላይ ደረደረልኝ። አባቴ መነፅር እንዴት እንደሚመረጥ አስተምረውኛል፤ ያኔ ምን ይሠራልኛል ብዬ ጆሮ አልሰጠሁትም ነበር፣ ቃላቸው ግን ቀርቷል። መጀመሪያ ባለመስመር ወረቀት አየሁበት። የመጀመሪያው መነፅር መሃሉ ላይ ጎበዝ ነው፣ ዳር ዳሩ ላይ ግን መስመሮቹ እንደ ቀስት ጎበጡ፤ ገፋ አደረግኩት። ሁለተኛው መስመሩን ቀጥ አድርጎ ያሳያል፣ ጋዜጣ ላይ ሳደርገው ግን የጥቁሩ ፊደል ጠርዝ ላይ ሰማያዊና ብርቱካን ቀለም ይፈነጥቃል፤ መስታወቱ አንድ ብቻ ነው ማለት ነው። ሦስተኛው ትንሿ ነበረች። ሰውነቷ ጥቁር ነው፣ ብርሃን አይመልስም። አሥር ጊዜ ብቻ ነው የምታጎላ፣ ሌላ ጉራ የላትም፤ ውስጧ ሦስት መስታወት ተጣብቋል። ኢብሳ ትልቁን እንድወስድ ወተወተኝ፤ አባባ፣ ያ ስልሳ ጊዜ ያጎላል፣ በዚያውም ርካሽ ነው እያለ። እኔ ትንሿን ዓይኔ ላይ ጠጋ አድርጌ፣ ወረቀቱን ወደሷ አመጣሁ፤ መነፅሩ ወደ ዕቃው አይሄድም፣ ዕቃው ወደ መነፅሩ ይመጣል ይሉ ነበር አባቴ። መስመሩ ከዳር እስከ ዳር ቀጥ። ፊደሉ ጥቁር፣ ወረቀቱ ነጭ። የከፈልኩትን ዘነበች እስከ ዛሬ አታውቅም፣ ይህን ካነበበች ግን ጉዴ ነው።

ቅዳሜ ገለታ ሱቅ ደጃፍ ላይ፣ የጠዋት ፀሐይ ከጎን በምትመታበት ቦታ ተቀመጥኩ። ገለታ መዶሻውን አስቀምጦ ቆመ። ማርትሬዛውን ወደ ዓይኔ አመጣሁና ትንሽ ዘንበል አደረግኩት። ያቺ ጉድጓድ አለች። ከጎኗ ሌላ ጥላ። ከበላይዋ ሌላ። ታሽተው ሊጠፉ ምንም አልቀራቸውም፣ ግን ሦስት ናቸው፣ እንደ ጉልቻ። የኔን ከኪሴ አውጥቼ አስተያየሁ። ያው እጅ ነው። ገለታ “እሷ ነች?” አለኝ በኦሮምኛ። ሳንቲሙን ገለበጥኩት። ንግሥቲቱ ፊት የላትም። አፍንጫዋም፣ ጉንጯም፣ ዘውዷም ታጥቦ ሄዷል። የኔ ሣጥን ውስጥ የኖረ ስለሆነ ዛሬም ንግሥቲቱ ቅንድቧ ይቆጠራል። ይህ ግን ቆዳ ላይ፣ ልብስ ስር፣ በላብና በሥራ ዕድሜ ሙሉ የታሸ ነው። በአንድ ሁለት ዓመት እንዲህ አይሆንም። አስካለ አልተገደለችም። ኖራለች። ይህን ሁሉ ዘመን አንገቷ ላይ አድርጋው ኖራለች፣ ጆሮው ሲሰበርም አስበይዳዋለች፤ እኔ ጋ ግን አልመጣችም። ደስታ ይሁን ሐዘን ሳልለየው ደጃፉ ላይ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

በሲሬ ገበያ ቀን ከገለታ ጋር ሚኒባስ ተሳፈርን። መንገዱን ስንት ጊዜ ተመላልሼበታለሁ መሰላችሁ፤ አውቶቡሱ ሲሬ ላይ ሲቆም ስንት ጊዜ ወርጄ ሙዝ ገዝቻለሁ። ቅቤ ሻጯን አገኘናት። ጎልማሳ ሴት ናት፣ ረጅም። ገለታ ስለ ማርትሬዛው ሊጠይቁሽ ነው ሲላት ደነገጠች፣ የእናቴ ነው፣ በቅርቡ ነው ያረፈችው፣ የሸጥኩትም መቃብሯን በሲሚንቶ ላሠራላት ነው አለች። የእናቷን ስም ጠየቅኳት። ጫልቱ ይሏታል አለችኝ። ሌላ ስም አልነበራትም ወይ አልኳት። አሰብ አደረገችና፣ አባቴ፣ ያ የሚፈለገው ልጅ መሆኑ ነው፣ ሰው በሌለበት አስካለ እያለ ይጠራት ነበር፣ በድሮው ግርግር ጊዜ ተደብቀው ሲመጡ ነው ስሟን የለወጡት አለችኝ። ወንድሟ ነኝ አልኳት። የያዘችውን የቅቤ ቅል መሬት አስቀምጣ ሙት እንደሚያይ ሰው ፊቴን አየችው። “እናቴ ወንድም ነበረኝ ትል ነበር። እኔ ሕፃን ሆኜ ነው የሞተው። አልቅሳለታለች፣ ጥቁር ለብሳለታለች” አለች።

ሌሊሴ፣ ስሟ ሌሊሴ ነው፣ ቁጭ ብላ የምታውቀውን ነገረችን። አንድ ገበያ ቀን ከነቀምቴ የመጣ ነጋዴ ለእናቷ ወሬ ያመጣላታል። በሰዓት ሠሪው ቤት ድንኳን ተጥሏል፣ የሞተው ወንዱ ልጅ ነው ይላታል። ማን ምን ብሎት እንደተሳሳተ እንግዲህ አይታወቅም። ድንኳኑ የአባቴ ነበር። “እኔ በሕይወት እያለሁ እንዳትገቢ” ያሏት ሰው ሞተው፣ በሩ ተከፍቶላት፣ እሷ ግን የሚያስታርቃት ወንድሟ የሞተ መሰላት። በማን በኩል ልግባ ትል ነበር አለች ሌሊሴ። ከሲሬ ገባ ብሎ በእግር ግማሽ ቀን ከሚያስኬድ ቦታ ሆና አባቴን ስትፈራ ኖረች፤ የሌሉትን አባቴን። ቆይቶ አንድ ጊዜ ብቻ ጨክና ነቀምቴ ሄዳ ነበር። ቤታችን የእህል መጋዘን ሆኖ አገኘችው፣ የምታውቀው ሰው አጣች፣ በዚያው አውቶቡስ ተመለሰች። እኔ በዚያ ሰዓት ጨለለቂ ሆኜ ይሆናል፣ ወይም ገለታ ሱቅ የሰው ማርትሬዛ ሳገላብጥ። ወይ አበሳ።

ማርትሬዛውን ሌሊሴ መዳፍ ላይ አስቀመጥኩላት፣ መነፅሯንም ሰጠኋት። አንድ ዓይኗን ጨፍና በሌላው ልታይ ታገለች። እጇን ይዤ አስተካከልኩላት፤ መነፅሩን ዓይንሽ ላይ፣ ሳንቲሙን ወደሱ። ሳንቲሙን ዘንበል ቀና አደረገችው። ሦስት ነጥብ አየሁ አለች። ከዚያ መነፅሯን አውርዳ በአውራ ጣቷ ያን ቦታ ሳታይ አገኘችው፣ እንደ ልማድ። “እናቴ ስታስብ እንዲህ ታሸው ነበር፣ ታማ ተኝታም እንኳ። ምንድን ነው እዚያ ላይ ያለው ስላት የአባቴ እጅ ነው ትለኛለች። እኔ ምንም አይታየኝም ነበር፣ ኤሱማኮ” አለችኝ። ኤሱማኮ፣ የእናቴ ወንድም ማለቷ ነው። እንዲህ ተብዬ ስጠራ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር።

ሌሊሴ ያኑ ዕለት ከኛ ጋር ነቀምቴ መጣች። በማግስቱ ዘነበች ዕቃውን አወጣችና ፍራሹን መሬት ላይ አነጠፈች፤ ነጠላዋንም አዘቅዝቃ ለበሰች፣ ሳልነግራት። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ተቀመጥኩ፣ ሌሊሴ አጠገቤ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ የመለሰችውን መርዶ እኔ ገባ በል አልኩት፤ ማርትሬዛው መጥቷላ። የጨለለቂ ሰው ለቅሶ ሲሰማ አይቀርም፣ ግቢው ሞላ። ከነዚያ መርዶ ሊያረዱ ከመጡት ጎረቤቶች ዛሬ በሕይወት ያሉት አንዲት አሮጊት ብቻ ናቸው፤ ምርኩዛቸውን ይዘው ገቡ፣ አጠገቤ ተቀመጡ፣ ማን እንደሞተ ጠየቁኝ። አስካለ አልኳቸው። ግራ ተጋብተው ፊቴን አዩኝ። “ልጄ፣ አስካለ ያኔ ድሮ አይደለም እንዴ የሞተችው?” አሉኝ።

“የለም እማማ፣ ዘንድሮ ነው” አልኳቸው።